ቤቲኖ ሪካሶሊና የኪያንቲ ቀይ ወይን ጠጅ

ቤቲኖ ሪካሶሊ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ኢጣልያን አንድ መንግሥት ካደረጉት ሰዎች አንዱ ነበር፤ ሁለት ጊዜም ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ አገሩን መርቷል። ይሁን እንጂ ዛሬ ከታሪክ ተማሪዎች በቀር የካቢኔውን አባላት ወይም በምክር ቤት ያደረጋቸውን ክርክሮች የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው። ከአገሩ ውጭ ስሙን ያቆየለት በ1872 ለአንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር የጻፈው ደብዳቤ ነው። የደብዳቤው ጉዳይ ጦርነት ወይም መንግሥት ሳይሆን፣ ባሮኑ በርስቱ ላይ ከሠላሳ ዓመት በላይ የመረመራቸው ሦስት የወይን ዝርያዎች ናቸው። ኪያንቲ የተባለው ቀይ ወይን ጠጅ በዓለም የታወቀበትን መልክ ያገኘው በዋናው ከዚህ ሰው ሥራ ነው።

ይህ ጽሑፍ የሪካሶሊን ሕይወት በአጭሩ ይተርካል፤ ከዚያም ደብዳቤው ከጸሐፊው ሞት በኋላ የደረሰበትን ዕጣ ይመለከታል። በልምድ የተገኘ ዕውቀት ወደ ሕግና ደንብ ሲለወጥ ምን ሊጎድልበት እንደሚችል ታሪኩ በግልጽ ያሳያል። ደንብ ማውጣትም ሆነ በወጣው ደንብ መሥራት የዕለት ተግባራችን ስለ ሆነ፣ ነገሩ ከወይን ጠጅ ወዳጆች ይልቅ ለእኛ ለባለሙያዎቹ የሚቀርብ ይመስለኛል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

የኪያንቲ ምድር

ኪያንቲ በመካከለኛው ኢጣልያ በቶስካና ክፍለ ሀገር፣ በፍሎሬንስና በሲዬና ከተሞች መካከል የሚገኝ ኮረብታማ አገር ነው። ዛሬ ኪያንቲ ክላሲኮ የሚባለው ጥንታዊው ክልል ወደ 70 ሺህ ሄክታር የሚጠጋ ስፋት ሲኖረው፣ ለዚሁ ወይን ጠጅ የተመደበው ተክል የያዘው ግን 7 ሺህ ሄክታር ያህሉን ብቻ ነው። የቀረው አብዛኛው ጫካ ሲሆን በመካከሉ የወይራ ተክልና የእህል ማሳ ይገኛል። አፈሩ ስስና ድንጋያማ ነው። የአገሩ ገበሬዎች ጋሌስትሮ የሚሉት በእጅ ሲይዙት የሚፈረካከስ ንብብር ድንጋይ፣ አልቤሬዜ የሚሉት ደግሞ ጠንካራ የኖራ ድንጋይ በየኮረብታው ተዘርግቷል። እንዲህ ያለው መሬት ለእህል ደካማ ነው፤ ለወይን ግን ውሃን ሳያቋጥር ስለሚያሳልፍና ሥሩ ወደ ጥልቅ እንዲወርድ ስለሚያስገድድ ይስማማዋል። የቀኑ ሙቀትና በከፍታው ምክንያት የሚመጣው የሌሊት ቅዝቃዜም ፍሬው ሲበስል ኮምጣጣነቱን ጨርሶ እንዳያጣ ይረዱታል።

የዚህ አገር ወይን ጠጅ ከሪካሶሊ በፊት ዝና ያልነበረው አይደለም። የቶስካና ገዢ ታላቁ መስፍን ኮዚሞ 3ኛ በ1716 ባወጣው ዐዋጅ የአራት ወይን አምራች አገሮችን ወሰን ሲያስከልል አንዱ ኪያንቲ ነበር። ይህም በዓለም ላይ በሕግ ከተከለሉት የወይን አገሮች ከቀደሙት መካከል ያደርገዋል። ዐዋጁ ግን ወይን ጠጁ ከየት መምጣት እንዳለበት ወሰነ እንጂ፣ ከየትኛው ዝርያና በምን ዘዴ እንደሚሠራ አልተናገረም።

የአሠራሩ ሁኔታ ደግሞ ለጥራት የተመቸ አልነበረም። መሬቱ የሚታረሰው ባለርስቱና ገበሬው ምርቱን በሚካፈሉበት፣ በአገራችን እኩል አራሽነት ይባል ከነበረው ጋር በሚመሳሰል ሥርዓት ነበር። የወይኑ ሐረግ በዛፍ ላይ እየተንጠላጠለ ያድጋል፤ በዛፎቹም መካከል ስንዴ ይዘራል። ቀዩም ነጩም፣ የደረሰውም ያልደረሰውም ፍሬ በአንድነት ይለቀምና በአንድ በርሜል ይጨመቃል። ገበሬው ድርሻውን የሚያገኘው ከብዛቱ እንጂ ከጥራቱ ስላልሆነ ዝርያ ለመምረጥ የሚያነሣሣው ምክንያት አልነበረውም። ከዚህም የተነሣ ከአንዱ ዓመት ወደ ሌላው፣ ከአንዱ ርስት ወደ ጎረቤቱ የማይመሳሰል፣ ባሕር ተሻግሮ ለመሸጥም የሚያስቸግር ወይን ጠጅ ይመረት ነበር።

የዕዳ ወራሽ

ቤቲኖ ሪካሶሊ መጋቢት 9 ቀን 1809 በፍሎሬንስ ተወለደ። ቤተሰቡ በቶስካና ከታወቁት ጥንታውያን የመሳፍንት ቤቶች አንዱ ሲሆን፣ ከሲዬና ብዙም በማይርቀው በብሮልዮ ግንብና በዙሪያው ባለው ርስት ከ12ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ይኖር ነበር። ግንቡ በፍሎሬንስና በሲዬና ወሰን ላይ የቆመ ስለ ነበር ሁለቱ ከተሞች በተዋጉ ቁጥር ይከበባል፣ ይቃጠላል፣ ይፈርሳል፤ ከዚያም እንደ ገና ይሠራል።

ቤቲኖ የወረሰው ስምና ግንብ ብቻ አልነበረም። አባቱ ገና በልጅነቱ ሲሞት ርስቱ በከባድ ዕዳ ተይዞ ነበር። እናቱም ተከትላ ስትሞት በ18 ዓመቱ ያለ ወላጅ ቀረ። ታናናሾቹን የሚያሳድግ፣ አበዳሪዎችንም የሚያነጋግር ሌላ ሰው ባለመኖሩ፣ ታላቁ መስፍን በልዩ ትእዛዝ ከዕድሜው በፊት ለአካለ መጠን እንደ ደረሰ ቈጥሮ የቤተሰቡ ኀላፊ አደረገው። ወጣቱም ትምህርቱን አቋርጦ የሒሳብ መዝገብ ይመረምር ጀመር። ቁጠባን፣ ትክክለኛ መዝገብንና በቃል መጽናትን የተማረው በዚህ ጊዜ ነው። ከጊዜ በኋላ የብረቱ ባሮን የሚለውን ቅጽል ያተረፈለት ጠባይም እዚህ ላይ እንደ ተቀረጸ መገመት አያዳግትም።

በ1830 አና ቦናኮርሲን አግብቶ አንዲት ሴት ልጅ ወለደ። በ1838 የፍሎሬንስን ኑሮ ትቶ ሚስቱንና ልጁን ይዞ ወደ ብሮልዮ ሄደ። ስለ አካሄዱ በአገሩ የሚነገር ተረት አለ። በአንድ የዳንስ ግብዣ ላይ አንድ ወጣት በሚስቱ ላይ ዐይኑን ሲጥል ባየ ጊዜ፣ ምንም ሳይናገር ከግብዣው አስወጥቷት በዚያው ሌሊት፣ በብርድና በጨለማ፣ በሠረገላ እስከ ብሮልዮ ወሰዳት ይባላል። ተረቱ የሰውየውን ጠባይ ስለሚገልጽ እስከ ዛሬ ይነገራል። ወደ ርስቱ ለመሄድ ግን ከቅናት የበለጠ ምክንያት ነበረው። ዕዳው የሚከፈለው መሬቱ ሲያፈራ ነው፤ መሬቱ የሚያፈራውም የባለቤቱ ዐይን ሲያየው ነው።

ሪካሶሊ ገበሬዎቹን በጥብቅ ሥርዓት የሚያስተዳድር ጌታ ነበር። እርሻው በምን ዐይነት መካሄድ እንዳለበት ደንብ ያወጣላቸዋል፤ በሰንበት ቀን ሰብስቦ ሃይማኖትና ሥነ ምግባር ያስተምራቸዋል። በዛሬ ዐይን ስንመለከተው ይህ አባትነትና ጌትነት የተቀላቀሉበት አገዛዝ መሆኑ አይካድም። ያም ሆኖ በዘመኑ ከነበሩት ብዙ ባለርስቶች የሚለየው፣ በከተማ ተቀምጦ ግብሩን ከመጠባበቅ ይልቅ በጭቃው ውስጥ እየተመላለሰ ሥራውን በዐይኑ ማየቱ ነው። በ1753 በፍሎሬንስ የተቋቋመው፣ የግብርና ዕውቀትን ለማስፋፋት የተነሣው የጆርጎፊሊ አካዳሚ አባልም ስለ ነበር፣ የሚሠራውን ከሌሎች ባለሙያዎች ጋር የመወያየት ልማድ ነበረው።

የሠላሳ ዓመት ምርመራ

ሪካሶሊ በብሮልዮ ያነሣው ጥያቄ ቀላል ይመስላል። የኪያንቲ ወይን ጠጅ ከፈረንሳይ ታላላቅ ወይን ጠጆች ጋር በዓለም ገበያ ሊወዳደር ያልቻለው ለምንድን ነው? መልሱን ለማግኘት ወደ ፈረንሳይ አገር ተጉዞ የወይን እርሻዎችንና የአሠራሩን ዘዴ ተመለከተ። ከውጭ ያየውን ግን እንዳለ ገልብጦ አላመጣም። በገዛ መሬቱ ላይ የሚበቅሉትን ዝርያዎች አንድ በአንድ ለይቶ የእያንዳንዱን ጠባይ ለማወቅ ተነሣ።

ይህ ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ ልናስተውል ይገባል። አንድ መሐንዲስ የኮንክሪት ናሙና ጥንካሬን በ28 ቀን ፈትሾ ያውቃል። የወይን ተክል ግን ከተተከለ በኋላ ደኅና ፍሬ እስኪሰጥ ሦስት ወይም አራት ዓመት ያስጠብቃል። ፍሬው ተጨምቆና ተብላልቶ ወይን ጠጅ ከሆነ በኋላ በበርሜል ውስጥ እንዴት እንደሚያረጅ ለማየት ደግሞ ሌላ ብዙ ዓመት ያስፈልጋል። በዚህ ላይ ዝናቡና ፀሐዩ ዓመት ከዓመት ስለሚለያይ የአንድ ዓመት ውጤት ማረጋገጫ አይሆንም። ስለዚህ አንድ ሰው በሙሉ የጉልምስና ዘመኑ መጠየቅ የሚችላቸው ጥያቄዎች በጣት የሚቈጠሩ ናቸው። በመካከሉም በ1850ዎቹ የወይን ቅጠልና ፍሬ የሚያጠቃው ዱቄት መሰል በሽታ በቶስካና ተስፋፍቶ ብዙ ተክል አበላሽቷል።

የባሮኑ ፍላጎት በወይን ብቻ የተወሰነ አልነበረም። በግሮሴቶ አጠገብ ማሬማ በሚባለው፣ በወባ በሚታወቀው ረግረጋማ ቆላ ባርባኔላ የተባለ ርስት ይዞ በዘመኑ አዲስ በነበሩ የእርሻ መኪናዎች መሬቱን ለማልማት ሞክሯል። ዘመናዊ መሣሪያን የሚወድ፣ ግን መሣሪያው በሥራ ላይ ተፈትኖ ካላየ የማያምን ሰው ነበር።

የብረቱ ባሮን በመንግሥት

ይህን ሁሉ ሥራ የመንግሥት ጉዳይ ደጋግሞ አቋርጦታል። በዚያ ዘመን ኢጣልያ በብዙ ትናንሽ መንግሥታት የተከፋፈለች ስትሆን፣ ሰሜኑ ክፍል በአውስትሪያ ኀይል ሥር ነበር። ሪካሶሊ በ1847 ላ ፓትሪያ የተባለ ጋዜጣ ከመሠረቱት አንዱ ሆነ፤ ለታላቁ መስፍንም የአስተዳደር መሻሻል እንዲደረግ የሚጠይቅ ማስታወሻ አቀረበ። በ1848 የፍሎሬንስ ከንቲባ ቢሆንም፣ መስፍኑ ከለውጥ መንገድ ማፈግፈጉን ሲያይ ሥልጣኑን ለቀቀ። መስፍኑ በአውስትሪያ ወታደሮች ድጋፍ ሥልጣኑን ሲያጠናክር ሪካሶሊ ከአደባባይ ርቆ ወደ እርሻው ተመለሰ።

ታላቁ ጊዜ የመጣው በ1859 ነው። ፒዬሞንቴና ፈረንሳይ በአንድነት አውስትሪያን ሲወጉ፣ ታላቁ መስፍን ሊዮፖልዶ 2ኛ ሚያዝያ 27 ቀን ደም ሳይፈስ ፍሎሬንስን ለቅቆ ሄደ። ሪካሶሊ በመጀመሪያ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር፣ ቀጥሎም የጊዜያዊው መንግሥት መሪ ሆነ። በሐምሌ ወር የፈረንሳዩ ናፖሌዎን 3ኛ ከአውስትሪያ ጋር በቪላፍራንካ ሲታረቅ፣ የተባረሩት መሳፍንት ወደ ዙፋናቸው እንዲመለሱ ተስማሙ። ብዙ ሰው ነገሩ ያበቃለት መስሎት ነበር። ሪካሶሊ ግን በጄ አላለም። ከፓሪስም ሆነ ከቱሪን የመጣበትን ግፊት ተቋቁሞ ቶስካናን ለስምንት ወራት ያህል በጽናት ያዘ። በመጋቢት 1860 በተደረገው የሕዝብ ድምፅ ከ366 ሺህ በላይ ሰዎች በንጉሥ ቪቶርዮ ኤማኑኤሌ ሥር መዋሐድን ሲመርጡ፣ የተለየ መንግሥት የፈለጉት 15 ሺህ አይሞሉም ነበር። ያለዚህ ውሳኔ ሰሜኑና ደቡቡ የሚገናኙበት ድልድይ ስለማይኖር የኢጣልያ አንድነት ምን መልክ ይይዝ እንደ ነበረ ማሰብ ያስቸግራል።

በሰኔ 1861 ካቩር በድንገት ሲሞት አዲሱን መንግሥት የመምራት ኀላፊነት በሪካሶሊ ላይ ወደቀ። የጋሪባልዲን ወዶ ዘማቾች ወደ መደበኛው ጦር ለማስገባትና ከሮማ ቤተ ክርስቲያን ጋር ለመታረቅ ጥረት አደረገ። ነገር ግን በምክር ቤት የሚደረገውን ማባበልና መደለል ስለሚጸየፍ ወዳጅ ማብዛት አልቻለም። በመጋቢት 1862 ሥልጣኑን ለቀቀ። በ1866 ኢጣልያ ከፕሩስያ ጋር ተባብራ አውስትሪያን በምትወጋበት ወቅት እንደ ገና ተጠራ። ናፖሌዎን 3ኛ ኢጣልያ ከፕሩስያ ብትለይ ቬኔቶን ሊያስረክባት ሐሳብ ሲያቀርብ፣ ሪካሶሊ የገቡትን ቃል ማፍረስ ነውር ነው በማለት አልቀበልም አለ። ፕሩስያ ታላቅ ኒሻን ልትሸልመው በፈለገች ጊዜም፣ የቃል ኪዳኑ ጠንሳሽ ጄኔራል ላ ማርሞራ ሳይሸለም እኔ አልሸለምም ብሎ መለሰ። በሚያዝያ 1867 ከምክር ቤቱ ጋር በቤተ ክርስቲያን ንብረት ጉዳይ ሳይስማማ ሲቀር ለሁለተኛና ለመጨረሻ ጊዜ ከሥልጣን ወረደ።

እዚህ ላይ ኢትዮጵያዊ አንባቢ አንድ ነገር ሳያስብ አያልፍም። እነ ሪካሶሊ ከባዕድ አገዛዝ ነጻ ለማውጣት የደከሙላት ኢጣልያ በ1885 ምጽዋን ያዘች፤ በ1896 ደግሞ በዐድዋ የሌላውን ሕዝብ ነጻነት ለመግፈፍ መጥታ ድል ሆነች። ሪካሶሊ ይህን ለማየት አልደረሰም። ነገር ግን አንድ ትውልድ ለራሱ የታገለለትን መብት ተከታዩ ትውልድ ለሌላው ሊነፍግ እንደሚችል የአገሩ ታሪክ ምስክር ነው።

የ1872 ደብዳቤ

ሪካሶሊ ወደ ብሮልዮ ሲመለስ ዕድሜው ወደ ስድሳ ይጠጋ ነበር። በምክር ቤት አባልነቱ ቢቀጥልም አልፎ አልፎ ካልሆነ በቀር አይናገርም። ልቡ ያለው በወይኑ ላይ ነው። መስከረም 26 ቀን 1872 ለፒሳ ዩኒቨርሲቲ መምህር ለቼዛሬ ስቱዲያቲ የምርመራውን ውጤት የሚያስረዳ ደብዳቤ ጻፈ።

የደብዳቤው ፍሬ ነገር እንደሚከተለው ነው። ሳንጆቬቶ፣ ማለት ዛሬ ሳንጆቬዜ የምንለው ቀይ ዝርያ፣ ለወይን ጠጁ ዋናውን መዓዛና ጉልበት ይሰጠዋል። ካናዮሎ የተባለው ሌላው ቀይ ዝርያ በለስላሳነቱ የመጀመሪያውን ሻካራነት ያበርድለታል፤ መዓዛውን ግን አይቀንስበትም። ማልቫዚያ የተባለው ነጭ ዝርያ ደግሞ የሁለቱን ድብልቅ ያቀጥነዋል፤ ጣዕሙን ቀለል አድርጎ ለዕለት ማዕድ ቶሎ እንዲጠጣ ያዘጋጀዋል። ነገር ግን ወይን ጠጁ ለዓመታት እንዲቀመጥ የታሰበ ከሆነ ማልቫዚያ ሊቀር ይገባዋል።

ሦስት ነጥቦችን ልብ እንበል። በመጀመሪያ፣ ከእርሱ በፊት በኪያንቲ ይበዛ የነበረው ካናዮሎ ሲሆን፣ ሪካሶሊ ሳንጆቬዜን ዋና፣ ካናዮሎን ረዳት አድርጎ ቅደም ተከተሉን ገለበጠው። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ዝርያ ለምን እንደሚገባ ተግባሩን ተናገረ እንጂ በመቶ ይህን ያህል ይሁን ብሎ መጠን አልቈረጠም። ሦስተኛ፣ ለሁለት የተለያዩ ዓላማዎች ሁለት የተለያዩ መልሶች ሰጠ። ማልቫዚያ ለአንዱ ጠቃሚ፣ ለሌላው ጎጂ ነው።

ይህ አባባል ዛሬ በኬሚስትሪ ረገድም ይደገፋል። ቀይ ወይን ጠጅ ቀለሙንና ታኒን የተባለውን አፍ የሚያኮማትር ንጥረ ነገር የሚያገኘው በመብላላት ጊዜ ከፍሬው ልጣጭና ዘር ነው። ለዓመታት ሳይበላሽ እንዲቆይ የሚረዱት ይኸው ታኒንና ኮምጣጣነቱ ናቸው። ሳንጆቬዜ ኮምጣጣነትና ታኒን ቢኖረውም በቀለሙ ደማቅ ከሚባሉት አይደለም። ስለዚህ ነጭ ወይን ሲጨመርበት ጠጁ ቶሎ ይለሰልሳል፤ በዚያው መጠን ቀለሙ ይደበዝዛል፣ ዕድሜውም ያጥራል። ሪካሶሊ ይህን ያወቀው በቤተ ሙከራ ሳይሆን በምድር ቤቱ ካሉት በርሜሎች ነው።

በመንግሥት ሥራ ንቅንቅ የማይለው ይህ ሰው በወይን ጉዳይ ተክሉ የሚነግረውን ተቀባይ መሆኑ ያስደንቃል። በምክር ቤት ፊት ሐሳቡን ያልለወጠው የብረቱ ባሮን፣ በርሜሉ ከተቃወመው ሐሳቡን ለመለወጥ ዝግጁ ነበር። ጥቅምት 23 ቀን 1880 በብሮልዮ ግንብ ዐረፈ።

ደብዳቤው ሕግ ሲሆን

ከሞቱ በኋላ የኪያንቲ ዝና ስለ ሰፋ ስሙን የሚዋሱ በዙ። በ1924 የጥንታዊው ክልል አምራቾች በራዳ ከተማ ተሰብስበው፣ ጥቁር አውራ ዶሮን ምልክታቸው አድርገው ማኅበር አቋቋሙ። በ1932 መንግሥት ኪያንቲ የሚለው ስም ከጥንቱ ወሰን ውጭ ባሉ ሰፊ አገሮችም እንዲሠራበት ፈቀደ፤ የቀድሞውን ክልል ለመለየትም ክላሲኮ የሚለው ቃል ተጨመረ።

በ1967 የኪያንቲ አሠራር በዝርዝር ሕግ ተደነገገ። በሕጉ መሠረት ወይን ጠጁ ከ50 እስከ 80 በመቶ ሳንጆቬዜ፣ ከ10 እስከ 30 በመቶ ካናዮሎ፣ ከ10 እስከ 30 በመቶ ደግሞ ማልቫዚያና ትሬቢያኖ የተባሉ ነጭ ዝርያዎች ሊኖሩት ይገባ ነበር። ቀመሩ የሪካሶሊ ነው እየተባለ ተነገረ። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ባሮኑ ተግባር የተናገረበት ቦታ መቶኛ ገባበት። ለሚቆይ ወይን ጠጅ ማልቫዚያ ይቅር ያለው ተረሳና ነጭ ወይን ግዴታ ሆነ። በደብዳቤው ያልተጠቀሰው ትሬቢያኖም ብዙ ስለሚያፈራ ብቻ ከማልቫዚያ ጎን ተሰለፈ።

ሕጉን ያወጡት ሰዎች ሞኞች ነበሩ ለማለት አይደለም። ነጩ ወይን በየማሳው ተተክሎ ነበር፤ ገበሬውም መሸጥ ነበረበት። የእኩል አራሹ ሥርዓት እየፈረሰ፣ የገጠሩ ሕዝብ ወደ ፋብሪካ ከተሞች እየጎረፈ በነበረበት ጊዜ ለገበያው አንድ ወጥ ደንብ ማስፈለጉ እርግጥ ነው። አስመሳይን ለመከላከልም ሕግ ይጠቅማል። ስሕተቱ ሕግ መውጣቱ ሳይሆን፣ ሕጉ የመልሱን ግማሽ ይዞ ግማሹን መተዉ ነበር።

ውጤቱ ብዙ አልዘገየም። ቀለሙ የደበዘዘ፣ ቶሎ የሚያረጅ ኪያንቲ ገበያውን ስለ ሞላው፣ በገለባ የተሸፈነው ሆደ ሰፊ ጠርሙስ የርካሽ ወይን ጠጅ ምልክት ሆነ። ነጭ ወይን አንጨምርም ያሉ አምራቾች የኪያንቲን ስም አጡ። የአንቲኖሪ ቤት በ1971 ምርት የጀመረው ቲኛኔሎ፣ የሞንቴቬርቲኔ ርስት በ1977 ከሳንጆቬዜ ብቻ የሠራው ሌ ፔርጎሌ ቶርቴ፣ ተራ የገበታ ወይን ጠጅ በሚል የመጨረሻ ደረጃ ተሸጡ፤ ዋጋቸውና ዝናቸው ግን ከባለማዕረጉ ኪያንቲ በለጠ። የአገሩ ምርጥ ወይን ጠጅ በአገሩ ስም ሊጠራ የማይችልበት እንግዳ ሁኔታ ተፈጠረ።

መታረሙ የመጣው ቀስ በቀስ ነው። በ1984 ለኪያንቲ ክላሲኮ የግዴታው ነጭ ወይን ወደ 2 በመቶ ዝቅ አለ። በ1987 የአምራቾቹ ማኅበር ከፍሎሬንስና ከፒሳ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ሆኖ የሳንጆቬዜን ንዑስ ዝርያዎች፣ የሥር መሠረታቸውንና የአተካከል ርቀታቸውን በማሳ ላይ የሚመረምር የረጅም ጊዜ ጥናት ጀመረ። ሪካሶሊ ደብዳቤውን የላከበት ዩኒቨርሲቲ ከመቶ ዓመት በኋላ በዚያው ጥያቄ ላይ ተመልሶ መሥራቱ ነው። በ1996 ኪያንቲ ክላሲኮ የራሱ ደንብ ሲወጣለት ወይን ጠጁን ከሳንጆቬዜ ብቻ መሥራት ተፈቀደ። ከ2006 ምርት ጀምሮ ደግሞ ነጭ ወይን መጨመር ፈጽሞ ተከለከለ። ዛሬ በደንቡ መሠረት ቢያንስ 80 በመቶው ሳንጆቬዜ መሆን አለበት፤ ሪዜርቫ የሚባለው ደረጃ ቢያንስ 24 ወር፣ ግራን ሴሌትሲዮኔ የሚባለው ከፍተኛው ደረጃ ቢያንስ 30 ወር ሳይቆይ ለገበያ አይወጣም። በብሮልዮም ርስቱ ለጥቂት ዐሥርት ዓመታት በውጭ ኩባንያዎች እጅ ከቆየ በኋላ፣ ከ1993 ጀምሮ የባሮኑ ዘሮች መልሰው ያስተዳድሩታል።

ለሙያችን የሚተርፈው

ይህን ታሪክ የሚያነብ መሐንዲስ በገዛ ሥራው ብዙ ተመሳሳይ ነገር ያገኛል። አንድ ሲሚንቶ፣ ሁለት አሸዋ፣ ሦስት ጠጠር የሚለው የኮንክሪት ቀመር በየግንባታው ቦታ ከአፍ ወደ አፍ ይተላለፋል። የአሸዋው እርጥበት፣ የጠጠሩ መጠን፣ የውሃው ልክ፣ ኮንክሪቱ የሚሸከመው ጭነት ግን ከቀመሩ ጋር አብረው አይተላለፉም። ቁጥሩ አጭር ስለ ሆነ ይታወሳል፤ ምክንያቱ ረጅም ስለ ሆነ ይረሳል። በሌላ አገር የአየር ጠባይና አፈር ላይ ተሞክሮ የወጣ ደንብ በእኛ አገር ሥራ ላይ ሲውልም የሚያጋጥመው ይኸው ነው። ደንቡን የጻፉት ሰዎች የትኛውን ሁኔታ አስበው እንደ ጻፉት ካላወቅን፣ ደንቡ የሚያገለግልበትንና የማያገለግልበትን ቦታ ልንለይ አንችልም።

ስለዚህ ስሌትም ሆነ ዝርዝር መግለጫ ስንጽፍ፣ ከቁጥሩ አጠገብ ቁጥሩ የመጣበትን ምክንያትና የሚያበቃበትን ገደብ አብረን ብንጽፍ ለሚተካን ሰው ትልቅ ውለታ እንውልለታለን። የሌላውን ደንብ ስንቀበልም ምክንያቱን ፈልጎ ማግኘት የሥራው ክፍል እንጂ ትርፍ ድካም አይደለም።

ሪካሶሊ በደብዳቤው ማልቫዚያ ለየትኛው ወይን ጠጅ እንደሚገባና ለየትኛው እንደማይገባ ለመናገር የፈጀበት ጥቂት ቃላት ብቻ ነው። ሕግ አውጪዎቹ እነዚያን ጥቂት ቃላት በ1967 ተዉአቸው። የኪያንቲ ሰዎች መልሰው በሕግ እስኪያገኟቸው ድረስ 29 ዓመት ፈጀባቸው።